የጥይት ውፍረትና የተኳሹ ፈቃድ

በአሜሪካ፣ ሰው ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ እንዲይዝ ሕግ በፈቀደበት አገር፣ የመሣሪያ ነጋዴውና ገዢው፣ ፖሊሱና ጡረታ የወጣው ወታደር ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረው ያልጨረሱት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ነፍሱን ወይም ቤቱን ለመከላከል የተነሣ ሰው 9 ሚሊሜትር የሆነውን ጥይት ይያዝ ወይስ ከ11 ሚሊሜትር የሚበልጠውን፣ በእነርሱ አጠራር ፎርቲ ፋይቭ (45 ካሊበር) የተባለውን ይምረጥ የሚለው ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ለሰማው የገበያ ሙግት ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ስለ ፈቃድና ስለ ግብር ሲመራመሩበት የኖሩት ጥያቄ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል በማትሞላው በዚያች ልዩነት ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል።

ክርክሩ የተወለደው በጦር ሜዳ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በፊሊፒንስ ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ፣ መኰንኖቹ የታጠቁት 38 ካሊበር ስድስት ጎራሽ ጐራዴውን መዝዞ የሚሮጠውን ሰው ደጋግሞ እየመታው አላቆመውም የሚል ስሞታ ስለ በዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ቶምሰን የተባለ መኰንንና ላጋርድ የተባለ የጦር ሐኪም በቺካጎ የከብት ማረጃ በቁም ከብቶች ላይ፣ ደግሞም በሰው ሬሳ ላይ የልዩ ልዩ ጥይቶችን ኃይል ፈተኑ። ከከብቶቹ አንዳንዱ ብዙ ተተኵሶበት አልወድቅ ስላለ በመዶሻ ተመትቶ ተገላገለ። ሁለቱም ከ45 ካሊበር ያላነሰ ጥይት ይያዝ ብለው ፈረዱ፤ ሠራዊቱ በ1911 የተቀበለው የጆን ብራውኒንግ ሽጉጥም የዚህ ፍርድ ልጅ ነው። በዚያው ዘገባ ውስጥ፣ ማናቸውም የሽጉጥ ጥይት ዋነኛውን የሕይወት ሥፍራ ካላገኘ በእርግጥ እንደማያስቆም፣ ወታደሩም አነጣጥሮ መተኰስን ሳያቋርጥ መለማመድ እንዳለበት መጻፉን ግን የፎርቲ ፋይቭ ወዳጆች እምብዛም አያነሡትም።

በ1986 ደግሞ በማያሚ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰዎች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ሲታኰሱ፣ ከ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ የወጣ አረር የአንደኛውን ክንድ በስቶ ደረቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ሰውየውም ለሞት የሚያበቃ ቍስሉን ተሸክሞ መተኰሱን ቀጠለ፤ ከቢሮው ሰዎች ሁለት ሞቱ፣ አምስት ቈሰሉ። ጥፋቱ በአረሩ ተላከከ። ቢሮው አረር ሁሉ የሥጋ ምሳሌ በሆነው ጄላቲን ውስጥ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር እንዲዘልቅ ደነገገ፣ ወደሚወፍረውም ጥይት ተሻገረ፤ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ግን የአረር አሠራር ተሻሽሎ ልዩነቱ ጠፍቷል፣ በ9 ሚሊሜትሩ ተኳሹ ቶሎና አጥርቶ ይመታል፣ ካርታውም ብዙ ይይዛል ብሎ ወደ ተወው ተመለሰ።

የቍስልን ነገር ያጠኑ እንደሚያስረዱት፣ የሽጉጥ አረር ሰውን በግድ የሚያስቆምበት መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ይጐዳል፣ ወይ ደምን ያፈሳል፤ ሁለተኛው ልብ እንኳ ቢመታ ጥቂት ሴኮንዶች ይፈልጋል። ከዚህ ውጭ የቆመ ሁሉ የቆመው ፈርቶ ወይም ተስፋ ቈርጦ፣ ማለት በገዛ ፈቃዱ ነው። እንግዲህ አጥቂውን ማስቆም እንጂ መግደል አልሻም የሚል ሰው፣ ማስቆም ከመግደል በማይለይበት ሥፍራ ላይ መድረሱ አይቀርም። ቶማስ አኵናስ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ አንድ ግብር ሁለት ፍሬ ሊኖረው እንደሚችል፣ ራሱን የሚከላከል ሰው ነፍሱን ማዳን ሲያስብ የአጥቂው ሞት ከሐሳቡ ውጭ እንደሚከተል፣ ኃይሉ ግን ከሚያስፈልገው ማለፍ እንደሌለበት አስተምሯል። ትምህርቱ የተዋበ ነው፤ ነገር ግን ልብ ድረስ የሚዘልቅ አረር መርጦ የገዛ ሰው ሞቱ ከሐሳቤ ውጭ ነበር ቢል ቃሉ የሚከብደው ይመስለኛል።

የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በዚህ ይበልጥ ጠልቋል። ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎኪዮስ በጻፈው ቀኖና የገዳዩን ፈቃድ በያዘው መሣሪያ ይመረምራል፤ ለውሻ የወረወረው ድንጋይ ሰው ያገኘበት፣ ለተግሣጽ በጠፍር የገረፈው ሰው የሞተበት፣ እንደ ፈቃደኛ ገዳይ አይቈጠርም፤ ሰይፍ የመዘዘ ወይም መጥረቢያ የወረወረ ግን ማመካኛ የለውም። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ሌሊት ቤት ሲሰረስር የተገኘውን ሌባ የገደለ ደም እንደሌለበት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የገደለ ግን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በጨለማ የመጣ ሰው ምን አስቦ እንደ መጣ አይለይምና። ጥይት ግን በሌሊት አይመረጥም፤ በቀን፣ በሱቅ መስተዋት ፊት፣ በሰከነ ልቡና ዋጋው ተጠይቆ ይገዛል፤ ስለዚህ የጨለማው ምሕረት የተኳሹን እጅ ቢሸፍን የገዢውን ኅሊና አይሸፍንም።

መርጦ የገዛ ሁሉ በደለኛ ነው ማለቴ አይደለም። በ1899 በሔግ መንግሥታት ሥጋ ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ አረር በጦርነት እንዳይተኰስ ሲስማሙ በጭካኔው ነበር፤ ዛሬ ያው ዓይነት፣ ጫፉ የተቦረቦረ አረር፣ በአጥቂው ሥጋ ውስጥ ስለሚቀር ከግድግዳው ባሻገር የተኛውን አያገኝም ተብሎ በአሜሪካ ፖሊስም የቤት ባለቤትም ይመርጠዋል። ክርክሩ ደካማ አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ሙግት ውስጥ ስለ ሦስተኛ ሰው የሚያስብ ክፍል እርሱ ነው።

ያው ባስልዮስ በጦርነት የገደሉትን ቀደምት አበው ከነፍሰ ገዳይ እንዳልቈጠሩአቸው ከመሰከረ በኋላ፣ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢርቁ ይበጃል ብሎ መክሯል፤ ወንበዴዎችን ለመግጠም በወጡት ላይ ግን ይበልጥ ጠንክሮ፣ ምእመኑ ከቍርባን እንዲከለከል፣ ካህኑ ከክህነቱ እንዲሻር ወስኗል። በዋሽንግተን ወይም በዳላስ ሌሊት ሱቅ የሚጠብቅ ወገናችን ስለ ሽጉጥ የንስሐ አባቱን ቢያማክር፣ አባት ይህን ቀኖና ገልጠው ሲያነቡለት ፊቱ መጥቈሩ አይቀርም፤ እኔም ቀኖናውን አለዝበው ያንብቡለት ለማለት አልደፍርም።