ያልተወለደ ባልንጀራ

ለመሆኑ ገና ያልተወለደ ሕፃን ባልንጀራችን ነውን? ጥያቄው ከጭሮ፣ ከሂርናና ከገለምሶ የጫት ማሳ አይርቅም።

ዲዲቲ ወደ አገራችን የገባው ለበጎ ነበር። የወባ ትንኝን እንዲገድል በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ተረጭቷል፤ ያተረፈውን ነፍስ መካድ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ ለግድግዳ የታሰበው መርዝ በስውር ወደ ጫት ተሻገረ። በ2001 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ወስኖታል፤ አገራችንም ስምምነቱን ተቀብላለች። ቅሪቱ ግን ከዚያም በኋላ በጫት ቅጠል ላይ ተገኝቷል።

ዲዲቲ በውኃ አይሟሟም፤ በሰውነት ስብ ውስጥ ግን ዲዲኢ ወደሚባል ነገር ተለውጦ ለዓመታት ይቀመጣል። ሆርሞን ከዕጢ ወጥቶ በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ነው። ዲዲቲ የሴትን ሆርሞን መስሎ ይገባል፤ ዲዲኢ ደግሞ የወንዱ ሆርሞን የሚገባበትን በር ይዘጋል። ከእናቲቱም ወደ ፅንሱ ያልፋል። በጅማ አካባቢ በእናቶች የጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። (ሐኪሞች ግን ማጥባትን አታቋርጡ ይላሉ፤ ጥቅሙ ይበልጣልና።)

ገበሬው «ተባይ ቅጠሉን ከጨረሰብኝ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ቢል እውነት አለው። ቃሚውም ወዶ ገዝቶ ነው እንበል፤ ምንም እንኳ መርዙን ማንም ባይነግረው። ፅንሱን ግን ማን ጠየቀው? እኔን ይበልጥ የሚከብደኝ የገበሬው በደል አይደለም፤ የወባውን መድኃኒት ምንነቱን እያወቀ ለጫት የሚሸጠው ሰው ነው። እርሱ ችግር አላስገደደውም፤ የሚጎዳውንም ሕፃን ፊት ለፊት አያየውም።