«ጠፋህ» የምንለው ማንን ነው?

ለረጅም ጊዜ ያላየነውን ሰው ስናገኝ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «ጠፋህ» ወይም «ጠፋሽ» የሚለው ነው። «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» እያለ የሚቀልድም አለ። ቃሉ የናፍቆት ነው። ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመት በኋላ በዐቢይ ጾም እሑድ የቤተ ክርስቲያንን ደጃፍ ረግጦ ከበሩ አጠገብ ለቆመ ሰው ሲነገር ሌላ ክብደት ያገኛል፤ የጠፋኸው አንተ ነህ፥ እኛ ግን ነበርን፥ ማለት ይሆናልና። እንግዲህ የተመለሰ ሰው ለቀሩት ባለዕዳ ነውን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው በእኛ አካባቢ ይበልጥ ይከብዳል። ከአምባሰልና ከሐይቅ እስከ ደሴ ባለው አገር ካቶሊካዊ ምእመን ጥቂት ነው፤ የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው። በጥቂቶች መካከል የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ሲሆን ሁሉ ያያል፤ ሲመለስም ሁሉ ዘወር ብሎ ይመለከታል። የሚርቁበትም ምክንያት አንድ አይደለም። አንዱ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ይሄዳል፤ አንዷ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ባል ታገባለች፥ ወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ የሚገኙበት አገር ነውና። ሌላው ከቁምስናው ሽማግሌ ጋር ተጣልቶ ይቀራል። በስንፍና ብቻ የቀረም አይታጣም።

ይህ ሙግት በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ250 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ ሕዝቡ ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ሠዉ፤ ሌሎችም ሳይሠዉ «ሠውተዋል» የሚል ወረቀት በገንዘብ ገዙ። ስደቱ ጋብ ሲል እነዚህ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተመለሱ። በሮም ኖቫጥያኖስ ሊቀበላቸው ፈጽሞ እንቢ አለ። የካርታጎ ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ ግን በ251 ከአፍሪቃ ጳጳሳት ጋር ተሰብስቦ በንስሐ የሚመለሱበትን መንገድ ከፈተ። እኛን የሚያስደንቀን ቆጵርያኖስ ራሱ በስደቱ ወራት ከከተማው ወጥቶ ተሸሽጎ የነበረ መሆኑ ነው፤ በዚህም የነቀፉት ነበሩ። የተመለሱትን የተቀበለው እርሱም ከሽሽት ተመልሶ ነበር። በ258 ስለ ክርስቶስ አንገቱን ለሰይፍ የሰጠውም ያው ቀድሞ የሸሸው ሰው ነው።

የአገራችን ሰው ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሐይቅና ደሴ በደረሰ ጊዜ ግማሹ ሸሸ፥ ግማሹ ቀረ። አንዱ ልጆቹን ለማትረፍ ወጣ፤ ሌላው አልጋ ላይ ያሉ እናቱን ትቶ መሄድ አልቻለም። የሸሸው በተመለሰ ጊዜ ማን ማንን ሊከስስ ይችል ነበር?

ሆኖም የቀሩትን ሰዎች ቅሬታ ማቃለል አንወድም። ጣሪያው ሲያፈስ ያስጠገነ፥ በክረምት ጭቃ ረግጦ ለቅዳሴ የመጣ፥ በጥቂት ምእመን መካከል የብዙዎችን ሥራ የሠራ ሰው አለ። የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ከውጭ ቆሞ የተቆጣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አባቱም ወጥቶ ለመነው እንጂ አላባረረውም። በደልም በደል ነው፥ መናዘዝ ይገባዋል። ነገር ግን የሚነገርበት ቦታ ምሥጢረ ንስሐ፥ የሚሰማውም ካህኑ ነው። ከደጃፍ ቆሞ «የት ከረምክ? ከማን ጋር ነበርክ?» የሚል ምእመን ያልተሰጠውን ሥልጣን ይወስዳል። በደጃፍ ያለን ሰው የሚገባን ጥያቄ «መቀመጫ አግኝተዋል?» የሚለው ነው።

ከነቀፋ ይልቅ የረቀቀ ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ፤ ይኸውም የተመለሰውን እንደ ነዳይ መቀበል ነው። ባዶ እጁን የመጣ ይመስለናል። በዚህ ጾም ሰባተኛ እሑድ የምናስበው ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነበር፤ ጌታም ስለ ምን በቀን አልመጣህም ብሎ አላሳፈረውም። በቀብሩ ዕለት፥ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ በሸሹበት ሰዓት፥ ከርቤና እሬት ተሸክሞ የመጣው ያ የሌሊት እንግዳ ነበረ። እዚሁ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን አስተማሩ፤ ተክለ ሃይማኖትም በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ተሻገሩ። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት እንደሚተርከው ደቀ መዝሙሩ ወደ ሐይቅ ሲመለሱ መምህሩ ቆብና አስኬማ ከእርሳቸው እጅ ተቀበሉ። (በዚህ ነገር የሁለቱ ገዳማት ወገኖች ስለ ቀዳሚነት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ክርክሩን ለሊቃውንት እንተወው።) ተክለ ሃይማኖት በእርግጥ የጠፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን በቦታው የቀረው ሽማግሌ ከሄደው ልጁ እጅ ለመቀበል ራሱን ዝቅ ማድረጉን ልብ እንላለን።

በአንድ የጾም እሑድ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ቆመው አየናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ከእኛ አንዱ እንደ ልማዱ «እማማ፥ ጠፉ እኮ!» አላቸው።

«እኔማ እቤቴ ነበርኩ ልጄ» አሉ። «ባሌ አልጋ ከያዘ ጀምሮ ሰባት ዓመት ከጎኑ አልተለየሁም። አሁን ከቀበርኩት በኋላ መጣሁ። የመጣ ሰው ግን አልነበረም።»

ቤታቸውን እናውቀው ነበር፤ ወደ ገበያ ስንወርድ በደጁ እናልፋለን። የምንመልሰው አጣን። ኒቆዲሞስ እሑድ በደረሰ ጊዜ ከቁምስናችን አንድ አረጋዊ አልጋ ላይ ውለው ነበርና ልንጠይቃቸው ስንሄድ እኒያን እናት ይዘናቸው ሄድን። በሽተኛ እንዴት እንደሚገለበጥ፥ ጀርባው እንዳይቆስልም ምን እንደሚደረግ ከመካከላችን የሚያውቁ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።