የጨነቀው እርጉዝ ያገባል

ልጄ፣ ትናንት ከገበያ መልስ በእኔ በአጎትህ በረንዳ ላይ ሆነህ የተናገርካት ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳችኝ። «ኤሱማ፣ ጦርነቱ እንደሆነ አይቀርም፤ ቢመጣ ይሻላል። ቢያንስ ወታደር ደመወዝ አለው» አልከኝ። እናትህ ቡና እየቀዳች ነበር። እጇ ጀበናው ላይ ደርቆ ሲቀር እኔ አይቻለሁ፤ አንተ ዓይንህ ስልክህ ላይ ነበር። ያኔ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ቁጣ ቀድሞ ከወጣ ከኋላው የሚመጣው ምክር ስለሚበላሽ ነው። ዲግሪህን ይዘህ አራት ክረምት መቀመጥህን አውቃለሁ። በቆሏችሁ በወጉ ሳይደርቅ ለማዳበሪያ ዕዳ እንደሚሸጥም አውቃለሁ። እዚህ ጉቴ ላይ፣ ወደ ነቀምቴና ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውን መኪና ሲቆጥር የሚውል እንዳንተ ያለ ወጣት ስንት እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ አልቆጣህም። ግን ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዝም ብል ጠመኔው ይታዘበኛል።

አባቶች «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ይላሉ። ሰው መውጫ ሲጠፋው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘር ማንዘሩን የሚያጣራለትን ነገር ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ያስገባል። አገርም እንደዚያው ነው። ገንዘቡ ሲረክስ፣ ልጁ ሥራ ሲያጣ፣ «ሁሉንም እኔ አስተካክለዋለሁ፤ ብቻ አትጠይቁኝ» የሚል ጉልበተኛ ሲመጣ እልል ብሎ በሩን ይከፍትለታል። ጉልበተኛው ግን ጦርነቱን ይዞት ነው የሚገባው። የሚታወቀው ወሩ ሲደርስ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ችግር ብቻውን ጦርነት አይወልድም። በ1977 ረሃብ ከወሎና ከትግራይ ያፈናቀለው ሰው እዚህ ወለጋ ድረስ በሰፈራ ሲመጣ አይተናል። ልጆቹን በየመንገዱ ቀብሮ መጣ እንጂ የማንንም ደጅ አልወረረም። የራበው ሰው ይለምናል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል። ጦር የሚያዘምተው የጠገበው ነው። ችግር ደረቅ እንጨት ነው፤ ክብሪቱ በሌላ ሰው እጅ ነው። ከክብሪቱ አጠገብ «ተው» የሚል ሰው ካለ እንጨቱ ዓመት ቢከመርም አይነድም። ጦርነት መቼ ተጀመረ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ እኔ የምቆጥረው ያ «ተው» ባይ ከጠፋበት ቀን አንሥቼ ነው።

የጣሊያንን ነገር እይ። ሙሶሊኒ ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በግንቦት 1916፣ ጃኮሞ ማቴዮቲ የተባለ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «ይህ ምርጫ በዱላና በማጭበርበር የተገኘ ነው» ሲል ተናገረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከመንገድ ላይ አፍነው ገደሉት። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ከፋሺስቱ በቀር ሌላ ፓርቲ ሁሉ ታገደ። በዚያን ጊዜ የወልወልን ስም የሚያነሣ አልነበረም። እኔ ግን ተማሪዎቼን «ወልወል ላይ የተተኮሰችው ጥይት የተጎረሰችው ያን ቀን ሮም ላይ ነው» እላቸው ነበር።

ቀጥሎ በ1922 የዓለም ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ። ጣሊያን አገር የሠራተኛው ደመወዝ በአዋጅ ተቀነሰ፤ ሥራ አጡ ከአንድ ሚሊዮን በለጠ፤ ባንኮቹን መንግሥት ደግፎ አቆማቸው። ሆድ ሲጎድል አፍ ይከፈታል፤ እዚያ ግን አፉ ቀድሞ ተሰፍቷል። ዳቦ መስጠት ያቃተው ሰው «ክብር ልስጣችሁ» አለ። አርባ ዓመት ሊሞላው የቀረበውን የዓድዋን ቁስል ገልጦ እንጨት ሰደደበት። ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ ተኮሰ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለበት፤ ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ አልገባም፣ የስዊዝ ቦይም ለመርከቦቹ አልተዘጋም። ለእኛ ያልጠቀመን ያ ማዕቀብ ለእሱ ጠቀመው። «ዓለም ሊያስርበን ተነሣ» ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበበት።

ከዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው የቀለበቱ ነገር ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 የጣሊያን ሚስቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥት ኤሌና ቀድማ ሰጠች። ሴቶቹም በየከተማው ተሰልፈው ወርቁን እየጣሉ የብረት ቀለበት ተቀበሉ። እነዚያ ሴቶች ክፉ አልነበሩም። የብዙዎቹ ቤት ከዚያች ቀለበት ሌላ ወርቅ አያውቅም። ባላቸው ሥራ ፈትቷል፣ ልጃቸው መለዮ ለብሷል፣ ራዲዮው ቀኑን ሙሉ ይዘምራል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዚያው ወር፣ ተከዜ ላይ፣ በእኛ ሰው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ መዝነብ ጀመረ። ለቀለበቷ ባለቤት ይህን የነገራት የለም፤ የሚነግራት ጋዜጠኛ ወይ ታስሯል ወይ ተሰዷል።

ያ ጦርነት እዚህ ደጃችን ድረስ መጣ። አባቴ ያን ክረምት እረኛ ነበር፤ የአውሮፕላን ድምፅ መጀመሪያ የሰማው ያኔ እንደሆነ ይነግረን ነበር። ከሆለታ የመጡ ካዴቶችና ውጭ አገር የተማሩ ሰዎች ነቀምቴ ላይ ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ሊቀ መንበሩም የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ። ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ ከጓዶቻቸው ጋር እዚያው ቀሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤት አሉ፤ ሰሚ አላገኙም። ቦነያን በጀግንነት ተምረሃል፤ ትክክል ነው፤ ቤቱ የተወረረበት ሰው ይዋጋል፣ ያንን የሚነቅፍ የለም። ሎካቴሊም ፋሺስት ነበርና አላዝንለትም። ግን አብረውት የሞቱት፣ ስማቸው የማይነሣው፣ ከዚያ ሁሉ አገር ተነሥተው ወለጋ ጭቃ ላይ የወደቁበት ምክንያት ምን ነበር? ማቴዮቲ ከተገደለ በኋላ አገሩ ዝም ስላለ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት እኛ ስንተርተው ኖረናል። ንጉሥ የማይከሰስበት አገር ግን ጎረቤቱም አይተኛም። ዚያድ ባሬ በጥቅምት 1962 በመፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ሕገ መንግሥቱን ማገድና ምክር ቤቱን መዝጋት ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ከባድ ድርቅ ሶማሊያን መታ፤ ብዙ አርብቶ አደር ከብቱ አልቆበት እጁን አጣጥፎ ቀረ። በሐምሌ 1969 ጦሩ ኦጋዴን ገባ። እዚህስ? በዚያው ዓመት ጥር 26 ቀን መንግሥቱ ኃይለማርያም በስብሰባ ያሉ ጓዶቹን አስገድሎ ብቻውን ወጥቷል። ሁለት ከሳሽ የሌላቸው ሰዎች በሁለት ድሃ ሕዝብ ላይ ተቀምጠው ተዋጉ። እኛ ካራማራ ላይ አሸነፍን፤ አገር የመከላከል ጦርነት ነበርና እኮራበታለሁ። ሆኖም አሸናፊውም ተሸናፊውም በአንድ ዓመት፣ በ1983፣ በአራት ወር ልዩነት ከቤተ መንግሥታቸው ሸሹ። ከኋላቸው የቀረውን ሕዝብ ታውቀዋለህ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1982 አርጀንቲናን ይገዙ የነበሩት ወታደሮች በኑሮ ውድነት የተማረረ ሕዝብ አደባባይ በወጣባቸው በሦስተኛው ቀን በእንግሊዝ እጅ የነበሩትን የፎክላንድ ደሴቶች ያዙ፤ ያው ሲደበደብ የሰነበተ ሕዝብ በዚያው አደባባይ ወጥቶ አጨበጨበላቸው። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ ጦራቸው እጁን ሰጠ።

የባድመው ጦርነት ሲመጣ እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አላወቅሁም ማለት አልችልም። የኤርትራ ሕገ መንግሥት በ1989 ጸድቆ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ1990 መጀመሪያ ናቅፋ የተባለው ገንዘቧ ወጣ፤ ሁለቱ መንግሥታት በብርና በናቅፋ፣ በድንበር ንግድና በወደብ ተጣሉ። ግንቦት ላይ ጥይት ተተኮሰ። ቀድሞ ያጠቃችው ኤርትራ መሆኗን የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በኋላ ወስኗል። ቢሆንም በእኛም ቤት ጦርነቱን በአፍ ቢሆን እንኳ የሚጠይቅ ሰው ሲፈለግ አልተገኘም። እኔም አልጠየቅሁም። ተማሪዎቼ ሲመዘገቡ «ጎበዝ» አልኳቸው። ከእነሱ ሁለቱ አልተመለሱም። የአንዱ አባት እስካሁን ገበያ ላይ ሲያገኘኝ «መምህር» ብሎ ቆቡን ያነሣልኛል፤ እኔ ግን ዓይኑን ማየት አልችልም።

እንግዲህ እኔ ላንተ የምለው ይህ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይሉሃል፤ እኔ በዝምታ በር ሲገባ ያየሁት መትረየስ ነው። ጦርነት ይሻላል የሚል ሰው ስትሰማ፣ መጀመሪያ «ይህን የሚቃወም ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ያድራል?» ብለህ ጠይቅ። ቀጥሎ የተናጋሪው ልጅ የት እንደሚማር እይ። ወደብም ይሁን መሬት፣ እውነትም የሚገባን ሊሆን ይችላል፤ የሚገባንን በምን መንገድ እንደምንጠይቅ ግን በግልጽ እንነጋገርበት፣ ሂሳቡንም ያሳዩን። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅህን አውጥተህ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ መጠየቅ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። ስለ ማዳበሪያ ያልተጠየቀ ሰው ስለ ጦርነት አይጠየቅም። ስልክህ ላይ የሚመጣልህን ፉከራም ለጓደኞችህ አታስተላልፍ። በሬ ካራጁ ይውላል፤ አንተ ግን በሬ አይደለህም።

ደመወዙን በተመለከተ ደግሞ ልንገርህ። በ1980፣ በሰሜኑ ጦርነት አፋቤት ከተያዘ በኋላ፣ በየገበያው አፈሳ ነበር። ታናሽ ወንድሜን አንድ ቀን ከበረት ተራ ወሰዱት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያንተን የመሰለ አረማመድ ነበረው። አንድ ደብዳቤ ከሰሜን ጻፈልን፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም፣ መርዶም፣ ደመወዝም አላየንም። አባቴ እስኪሞት ድረስ የዘር በቆሎ ሲመድብ የእሱን ድርሻ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር።

ዛሬ ማታ ስትገባ እናትህን ስለ ወንድሟ ጠይቃት። አንተ ስላልጠየቅሃት እንጂ ትነግርህ ነበር። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያን የገበያ ቀን ጨው ግዢ ተብላ የተላከችው እሷ ነበረች፤ እግሯን አሟት እሱ ሄደላት።