ሆድ ይፍጀው ማለት ጀግንነት ነውን?

ጀግና ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከአገራችን ሰው ብዙው፦ ቁስሉን የማያሳይ፥ ሕመሙን የማይናገር፥ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ በከፊል እውነት አለበት። በጥቂት ሕመም የሚጮኽ ሰው ለከባድ ሥራ አይታመንምና። ነገር ግን መታገሥና መሸሸግ አንድ ናቸውን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የእሳት አደጋ ተከላካዮችን ኑሮ ምሳሌ አድርጌ ለመውሰድ ወደድሁ። ለምን እነርሱን መረጥህ የሚለኝ ወጣት ቢኖር፥ ድፍረት የዕለት ሥራው የሆነ ሰው ከእነርሱ የሚበልጥ ስላላገኘሁ ነው።

እሳት አጥፊ የሚጎዳው በቃጠሎ ጊዜ ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም.፥ በእሳት አጥፊዎች ላይ ደረሱ ተብለው ከተገመቱት 58,250 ጉዳቶች ውስጥ 8,175ቱ የደረሱት በልምምድ ላይ ነበር። ይኸውም ከሰባቱ አንዱ ያህል ማለት ነው። እሳት በሌለበት፥ ወይም እሳቱን ራሳቸው ለትምህርት ባነደዱበት ስፍራ፥ መሰላል ሲወጡ፥ ውሃ የሞላውን ከባድ ጎማ ሲጎትቱ፥ ጅማታቸው ይሳሳባል፤ ወገባቸው ይጎዳል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ይላል።

በቃጠሎ ላይ የቆሰለና በልምምድ ላይ የቆሰለ ሰው አጥንታቸው አንድ ዓይነት ቢሰበርም ልባቸው አንድ ዓይነት አይሰበርም። የመጀመሪያው ሰው ለማዳን ገብቶ የቆሰለ ነውና ጠባሳው እንደ ኒሻን ይቆጠርለታል፤ ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ አለቃው ያመሰግነዋል። ሁለተኛው ግን ያዳነው ሰው የለም፤ የሚተርከውም ታሪክ የለውም። «በልምምድ እንዲህ የሆነ በእሳቱማ ምን ሊሆን ነው?» ይባልበታል። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ብዙ ዘመን ሳስተምር የታዘብሁት ነገር ይህን ይመስላል፤ በጨዋታ ሜዳ የወደቀ ልጅ ከጉልበቱ ሕመም ይልቅ ባልንጀሮቹ ማየታቸው ያመዋል፤ ስለዚህ እያነከሰ «ምንም አልሆንሁም» ይላል። ልጁ ዐድጎ የሥራ ልብስ ቢለብስም ይህ ጠባይ በቶሎ አይለቀውም። ከሥራ እንዳይሰናበት፥ ደካማ እንዳይባል፥ ከጓደኞቹ እንዳይለይ ፈርቶ ሕመሙን ይሸሽጋል። የተሸሸገ ሕመም ደግሞ ከሥጋ አልፎ ወደ ልብ ይገባል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ቁጣ ያበዛል፤ ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ሳለ ብቻውን እንዲሆን ያደርገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሣል። «ልምምዱ ቢለዝብ ሰውየው በእውነተኛው እሳት ይሞታል፤ ዛሬ ጥቂት መጎዳቱ ነገ ከመሞት ያድነዋል» የሚሉ አሉ። ይህን ቃል ማቃለል አይገባም። ጢስ ምን እንደ ሆነ ያልተማረ ሰው፥ ጢስ በሞላበት ቤት ውስጥ በሩ ጠፍቶበት ይቀራል። ቀጥቃጭም ብረቱን ሳያግል ማረሻ አያወጣም። ነገር ግን ብልህ ቀጥቃጭ የግለቱን ልክ ያውቃል፤ ከልክ በላይ የጋለ ብረት ሲመቱት ይፈረፈራልና። ደግሞም ብረት ቢበላሽ ሌላ ብረት ይገዛል፤ ሰው ግን አይተካም።

ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። በቃጠሎ ጊዜ አደጋውን ያመጣው እሳቱ ነው፤ አለቃውም ሰው ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሌላ ሰው ለማዳን ነው። በልምምድ ላይ ግን አደጋውን መርጦና መጥኖ፥ ክብሪቱንም ጭሮ ያቀረበው አሠልጣኙ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የምትድን ነፍስ የለችም። ስለዚህ «ሥራው አደገኛ ነው» የሚለው ቃል ለእሳት አጥፊው ክብር ቢሆን እንጂ ለአሠልጣኙ ማምለጫ ሊሆን አይችልም።

ይህን እውነት ሰዎች የተማሩት በሞት ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር፥ ቦልደር በምትባል ከተማ፥ ሁለት እሳት አጥፊዎች ለልምምድ በተነደደ እሳት ሞቱ። ከዚያም በኋላ በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 1403 የተባለውን መመሪያ አወጣ። ይህ መመሪያ እየታረመ ሲሄድ፥ ሠልጣኞች ቤቱን ሳይነድ አስቀድመው ዞረው እንዲያዩት፥ ለአምስት ሠልጣኞች አንድ አሠልጣኝ እንዲቆም፥ ደኅንነትን ብቻ የሚጠብቅ ሹም እንዲኖር፥ ተጎጂ መስሎ በቤቱ ውስጥ የሚተኛ ሰው እንዳይኖር አዘዘ።

በ2001 እ.ኤ.አ. ግን በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፥ ሌርድስቪል በምትባል መንደር፥ ይህ ትእዛዝ ተጽፎ ሳለ፥ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ብቻ ያለፈው አንድ የ19 ዓመት ወጣት እሳት የከበበው ሰው መስሎ በፎቅ ላይ እንዲተኛ ተደረገ። በምድር ቤት ያለ የሶፋ ፍራሽ ተያያዘና እሳቱ ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ወደ ላይ ወጣ። ወጣቱ ሞተ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቆሰሉ። ልምምዱን የመራውም ሰው በቸልተኝነት ነፍስ በማጥፋት በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። የዚያን ወጣት ልብ መርምሬ አልናገርም፤ ነገር ግን ለአዲስ ገብ ሰው «ይህ ነገር ያስፈራኛል» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። «ፈራሁ»፥ «ታመምሁ» ማለት ነውር በሆነበት ስፍራ፥ በጎ መመሪያ ቢጻፍ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የልብን ነገር ካነሣን ደግሞ የሚያስደነግጥ ቁጥር አለ። ሩደርማን የተባለ የቤተ ሰብ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ መሠረት፥ በ2017 በአሜሪካ በሥራ ላይ የሞቱት እሳት አጥፊዎች 93 ሲሆኑ፥ ራሳቸውን በራሳቸው ያጠፉት 103 ነበሩ። ይህ ሁሉ ከልምምድ ጉዳት የመጣ ነው አልልም፤ የሬሳ ማየት፥ የእንቅልፍ ማጣት፥ የቤት ችግር፥ የብዙ ነገር ድምር ነው። ነገር ግን እሳት ያልገደለውን ሰው ዝምታ ሊገድለው እንደሚችል ያስረዳናል።

መድኃኒቱም አንድ ቀን ጠርቶ ማናገር አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ ሚቸል የተባለ፥ ቀድሞ እሳት አጥፊ የነበረ ሊቅ፥ ከአደጋ በኋላ ሠራተኞችን ሰብስቦ የማነጋገር ሥርዓት አቀረበ፤ ብዙ አገርም ተቀበለው። ይሁን እንጂ በ2002 ልዩ ልዩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ የተጎዳን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ማናገር የቆየ የልብ ቁስልን እንደማይከለክል ተገኘ። ልብ እንደ ስብራት ነው፤ ወጌሻው ደጋግሞ ሊያየው፥ ጊዜም ሊሰጠው ይገባል። የእሳት አጥፊዎቹ የሠራተኞች ማኅበር በ2017 በሜሪላንድ ለአባሎቹ የልብ ሕመም መታከሚያ ቤት የከፈተው ይህን በመረዳት ነው።

በእኛም አገር በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሸማ ተራ በሌሊት ሲቃጠል ከእሳቱ ጋር የታገሉትን ሰዎች አይተናል። በማግሥቱ ስለ ጠፋው ንብረት ብዙ ተነጋገርን። እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ገብተው እንቅልፍ ወሰዳቸው ወይ ብለን የጠየቅን ግን ስንቶች ነን?

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሚታገሥ ሰው ሕመሙን ያውቃል፤ ለሚገባው ሰው ይናገራል፤ የሚቻለውንም ሥራ ይሠራል። የሚሸሽግ ሰው ግን ሕመሙን አሸነፈ አይባልም፤ የሰውን አፍ ፈራ እንጂ። ነበልባል ያልፈራ ሰው የጓደኛውን ሣቅ ከፈራ ድፍረቱ ገና ጎዶሎ ነው። ጉዳቱም በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ የታመመ ትከሻውን ሸሽጎ የገባ እሳት አጥፊ፥ ከኋላው ጎማውን የያዘውን ባልንጀራውን ይዞ ይወድቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ስለዚህ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ አንዳንዶቻችሁ ነገ ወታደር፥ ሐኪም፥ ሾፌር፥ እሳት አጥፊም ትሆናላችሁ። በተማራችሁበት ጊዜ የተጎዳችሁ እንደ ሆነ ጉዳታችሁን ሳታሳንሱና ሳታበዙ ተናገሩ። ባልንጀራችሁ ሲናገር አትሣቁበት፤ ያቺ አንዲት ሣቅ አፉን ለብዙ ዓመት ልትዘጋው ትችላለችና። አለቃ ስትሆኑ ደግሞ፥ ሌላው ሰው እንዲገባበት የምታነዱትን እሳት ልክ እወቁ፤ ከጨረሳችሁም በኋላ «ማን ተጎዳ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም «ደኅና ነን» ቢሏችሁ፥ ሰንበት ብላችሁ ለየብቻቸው እንደ ገና ጠይቋቸው።