ሆደ ሰፊ ነጋዴ

በምረቃ ሰሞን አንድ ካምፓስ በር ላይ ያየሁት ነው። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያሳተመውን የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ቲሸርት ከማዳበሪያ እያወጣ ያድላል። አንዲት ተመራቂ የራሷን ዘርግታ አየችና «ስሜ እኮ በፀሐዩ ‹ፀ› ነው!» አለች። የታተመው በጸሎቱ «ጸ» ነበር። ልጁ «ምን ልዩነት አለው? ሲነበብ ያው ነው!» ብሎ ጮኸባት። ከኋላዋ የተሰለፉት ሁሉ የየራሳቸውን ስም መመርመር ጀመሩ፤ ሦስቱ ብራችን ይመለስ አሉ።

ሲነበብስ ያው ነው፤ አልተሳሳተም። ገበያውን ግን አጣ። በካምፓስ የምትነግዱ ልጆች፣ ይህን የማነሳው ልወቅሰው ብዬ አይደለም። ሌሊቱን ማተሚያ ቤት ያደረ፣ የዕቁብ ብሩን ያፈሰሰበት ልጅ ነው፤ ያስጮኸው ትዕቢት ሳይሆን ፍርሃት ይመስለኛል። እኔም በዕድሜው ከዚህ የተሻለ አልመልስም ነበር። እናንተ ግን ቅሬታ ሲመጣባችሁ አስቀድማችሁ ውስጣችሁን ጠይቁ፦ አፈርኩ? ደነገጥኩ? ኪሳራ ፈራሁ? ከዚያ በኋላ አፋችሁን ክፈቱ። ስድቡ በቴሌግራም ከመጣ ደግሞ ስልኩን አስቀምጡና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ሳሎቬይና ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ስለ ስሜት ብልህነት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እኛ ቤት እንዲህ ስሜቱን አውቆ የሚመልስ ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል። ሆደ ሰፊነት ሁሉን መዋጥ እንዳይመስላችሁ፤ በዱቤ እየወሰደ ለሚጠፋ የዶርም ጓደኛ ሳይቆጡ «ከእንግዲህ እጅ በእጅ» ማለትም ያው ነው።

በሐሳባችሁም ላይ ቢሆን ሙጭጭ አትበሉ። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት የጎማ ሶል አዲስ ነገር አልነበረም፤ በረባሶን የማያውቅ ማን አለ? እሷ ግን እኛ የናቅነውን ጫማ ባሕር ማዶ የሚሸጥ ዕቃ አድርጋ አየችው። የቲሸርቱ ልጅም ቢያዳምጥ ኖሮ ያቺ ተመራቂ ሥራውን እያሻሻለችለት ነበር፦ ከማተሙ በፊት የእያንዳንዱን ስም ፎቶ አንስቶ ለባለቤቱ መላክ፣ «ልክ ነው» የሚል መልስ ሳይመጣ አለማተም። ወጪው የአንድ ቀን የኢንተርኔት ጥቅል ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ልጁ የስም ዝርዝሩን ከቦርሳው አወጣ። ልጅቷ በእጇ የጻፈችው በፀሐዩ «ፀ» ነበር።