ጠባቂው የሚጠብቀው

አማርኛ «መጠበቅ» በሚለው አንድ ቃል ዘብ መቆምንም፣ የሚመጣን ነገር በተስፋ ማየትንም ይጠራል። በክሪኬት ከሦስቱ እንጨቶች ኋላ የሚቆመው ዊኬት ጠባቂ በሁለቱም ፍች ጠባቂ ነው። በረጅሙ ጨዋታ ለአንድ ቀን የሚመደበው 90 ኦቨር፣ ማለትም 540 ኳስ ነው። ለእያንዳንዷ ቁጢጥ ይላል፣ ጓንቱን መሬት አስነክቶ ዓይኑን የወርዋሪው እጅ ላይ ይተክላል፣ ኳሷ ስትነጥር አብሯት ይነሳል። የዱላውን ጠርዝ ነክታ መቺውን ከጨዋታ የምታስወጣው ኳስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብትመጣ ነው። ሌላውን ጊዜ ሁሉ የተነሳው በከንቱ ይመስላል፤ ያመለጠችውን ግን ሜዳው ሁሉ ያስታውስበታል።

ሕንዳዊው ናማን ኦጃ ይህን ሥራ ለማድያ ፕራዴሽ ግዛት ቡድን 20 ዓመት ያህል ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሰናበት በሕንድ ዋነኛው የአገር ውስጥ ውድድር፣ በራንጂ ዋንጫ፣ 351 መቺዎችን በማስወጣት ከዊኬት ጠባቂዎች ሁሉ ቀዳሚ ነበር። ለሕንድ የተጫወተው ቴስት (በአገሮች መካከል የሚደረገው ረጅሙ ጨዋታ) ግን አንድ ብቻ ነው፤ በ2015 የቡድኑ ጠባቂ ሪድሂማን ሳሃ ሲጎዳ ኮሎምቦ ላይ ተሰለፈ፣ 21 እና 35 አስቆጠረ፣ ቡድኑም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በቴስት አልተሰለፈም። ለቦታው የሚፈለገው አንድ ሰው ነው፤ ከ2005 እስከ 2014 ደግሞ ያ ሰው ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድሜ ባክኗል ይባላል?

ኦጃ የተወለደባት ኡጄን የሂንዱዎች አምላክ ክሪሽና በልጅነቱ ከመምህሩ ከሳንዲፓኒ ዘንድ ተምሮባታል ተብላ የምትከበር ከተማ ናት። በሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በባጋቫድ ጊታ ደግሞ ይኸው ክሪሽና ጦረኛውን አርጁናን ሥራህን ሥራ፣ በፍሬው አትታሰር ይለዋል። ብዙዎች ይህን «ውጤቱ አያስጨንቅህ» ብለው ያቀሉታል። እኔ አልቀበለውም። አርጁና ቀስተኛ ነው፤ ፍላጻው የት እንደሚያርፍ ግድ የሌለው ቀስተኛ የለም። ዒላማ ሌላ፣ ደመወዝ ሌላ። ኳሷን መያዝ የጠባቂው ዒላማ ነው፣ የሥራው አካል ነው። የብሔራዊ ቡድኑ መራጮች ጥሪ ግን ከእጁ ውጭ የሚበስል ፍሬ ነው። ባከነ የሚለው ፍርድ ሁለቱን ያምታታል።

ተጫዋች መነኩሴ አይደለም፣ የአገሩን ማልያ ይመኛል የሚል ይኖራል። ይመኝ እንጂ! ጉዳቱ ምኞቱ እጁን ሲመራው ነው። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ሳትገባ ዓይኑን ወደ እንጨቶቹ የሚያዞር ጠባቂ ይጥላታል፤ ያልደረሰውን ሲያይ የደረሰው ያመልጠዋል። የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። የዘር ማዕረግን የታገለው ሕንዳዊ የሕግ ሰው አምቤድካር ጊታን የዘር ማዕረግ ሥርዓትን በፍልስፍና የሚደግፍ መጽሐፍ ብሎ ነቅፎታል፤ ፍሬ አትጠብቅ ማለት ፍሬውን ለሚያከፋፍለው ይመቸዋልና። ልክ ነው፣ ይመቸዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ማን ለማን ተናገረው መባል አለበት። ሠራተኛው ለራሱ ቢለው ነጻነት ነው። መራጩ ለሠራተኛው ሲለው ግን ሹፈት ነው፤ እሱ የሚጠየቀው በፍሬው ክፍፍል ነውና።

እኔንም የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር አለ። ኦጃ ከተሰናበተ ከ16 ወር በኋላ፣ በጁን 2022፣ ማድያ ፕራዴሽ ቤንጋሉሩ ላይ ሙምባይን ረትቶ የራንጂን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። አሠልጣኙ ቻንድራካንት ፓንዲት ራሱም ዊኬት ጠባቂ ነበር፤ በ1999 የዚያው ቡድን አምበል ሆኖ የፍጻሜውን ጨዋታ የተሸነፈውም እዚያው ቤንጋሉሩ ስታዲየም ውስጥ ነው። ከ23 ዓመት በኋላ በዚያው ሜዳ ድሉን ሲያይ አለቀሰ። በጊታው ሚዛን እንባው የመታሰር ምልክት ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ግን ልወቅሰው አልችልም።