ጥይቱ ወጣ ወይ?

እግሩን በጥይት የተመታ ሰው አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሲገባ፣ ደጅ የቆመ ዘመድ ሐኪሙን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጥይቱ ወጣ ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። ውስጡ ግን አንድ እምነት አለ፦ ክፉው ብረቱ ነው፤ ብረቱ ከወጣ ክፋቱም አብሮ ይወጣል። እውነት ነውን? እንመርምረው።

የክላሽ ጥይት 8 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ ግን በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይምዘገዘጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ጉልበት የጭን አጥንትን አድቅቆ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይገድላል። ብረቱ ያን ጊዜ ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ መገጣጠሚያ ውስጥ ካልገባ፣ ነርቭ ወይም የደም ሥር ካልተጫነ፣ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይተወዋል። ቆርጦ የሚያወጣው የሞተውን ሥጋ ነው፤ ጀርም የሚራባው እዚያ ነውና።

«ካጸዳው ለምን ወዲያው አይሰፋውም?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ሙግት ነው። ነገር ግን የትኛው ሥጋ እንደሚተርፍ በመጀመሪያው ቀን በቅጡ አይለይም። ተቻኩሎ የተሰፋ ቁስል ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ይመግላል። ስለዚህ በክላሽ የቆሰለ እግር በፋሻ ተሸፍኖ፣ አጥንቱ ከቆዳ ውጭ በታሰረ ብረት ወይም በክብደት እየተጎተተ ጸንቶ፣ ቁስሉ ከ3 እስከ 7 ቀን ሳይሰፋ ይቆያል። ሲጠራ ይዘጋል።

በአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚኖረው የጋሞ ሰው፣ ሳይጠራ የተዘጋ ነገር ውስጡ ይመግላል የሚለውን ይህን አስተሳሰብ አያጣውም። ጎሜ፣ ማለትም የተጣሰ ሕግ፣ ተሸሽጎ ሲቆይ ሕመም ያመጣል ይባላል፤ የሚነሣው ሲናዘዙት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ ጋሞዎች ከተገደሉ በኋላ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ጎዳና ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን ከበቀል የመለሱት፣ ብረት ነጥቀው ሳይሆን ቁጣውን ፊት ለፊት ቆመው አነጋግረው ነው።

ታዲያ ብረትን መግታት ከንቱ ነውን? አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የነገውን ቁስል ለመከላከል ያስፈልጋል፤ የዛሬውን ግን አያድንም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የተመታ ሰው ስታገኝ አጥንቱን ለማቃናት ብለህ እግሩን በቀርከሃ አጥብቀህ አትሰር፤ የሚፈስሰውን ደም ተጭነህ አቁም፤ ሳትዘገይ ሆስፒታል አድርሰው። ደጅ ስትቆምም «ቁስሉ ጠራ ወይ?» ብለህ ጠይቅ።